የዕረፍት ተራ

በዚያ ዓመት ዝናቡ መጣ። ሰባ ስምንት ዓ.ም. ሲገባ ከዞብል ተራራ ሥር እስከ ቆቦ ከተማ ዳርቻ ድረስ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ ቆመ፤ ወፍ ጠባቂዎችም ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፋቸውን ማጮህ ጀመሩ። ያም ሆኖ በከተማው ውስጥ እልል ያለ ሰው አልነበረም። ደስታም ጉልበት ይፈልጋል፤ ጉልበቱ ደግሞ አምና በረኀቡ አልቋል።

ከሁሉም የባሰ የደከሙት ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለው የእርዳታ ጣቢያ የሚሠሩት ናቸው። እህሉን ያወረዱት፣ አጥሚቱን ያፈሉት፣ ሕፃናቱን የመዘኑት፣ መቃብሩንም የቆፈሩት እነሱ ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ «ነገ እናርፋለን» እየተባባሉ ከርመው፣ አሁን ሰልፉ ሲሳሳና ድንኳኑ አንድ በአንድ ሲነቀል እንዴት እንደሚታረፍ ጠፋቸው። መጋዘኑ ጥላ ሥር ቁጭ ይላሉ፤ አይጫወቱም፣ አይተኙምም።

አንድ ቀን ጓድ ሙሉጌታ የሚባል ካድሬ ከደሴ መጣና ሠራተኛውን በሙሉ ሰበሰበ። ጣቢያው የሠራተኞች ጤናና ደህንነት ፕሮግራም እንዲያወጣ መታዘዙን ተናግሮ፣ ለምሳሌ የሚሆን ወረቀት ማንበብ ጀመረ። ዘወትር ጠዋት ጂምናስቲክ፣ ቅዳሜ መረብ ኳስ፣ ከዚያ የአብዮት መዝሙር...

የአጥሚት አብሳዮቹ ኃላፊ እትዬ ብዙነሽ እጃቸውን አወጡ።

«ጌታው፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እኔ ዓመቱን ሙሉ በርሜል ሙሉ አጥሚት ሳማስል የከረምኩ ሴት ነኝ። ጂምናስቲኩን ጨርሻለሁ። የሚቀጥለውን ያንብቡልኝ።»

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ እንኳ የደከመ ነበር። ጓድ ሙሉጌታ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ቁጣው ማዛጋት ሆኖ ወጣ። ዓይኖቹ ቀይ ነበሩ፤ እሱም ከጣቢያ ጣቢያ ሲዞር የከረመ ሰው ነው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«በሉ እናንተው አውጡት» አለ። «ጓድ ታረቀኝ ይምራው። ከጤና በኩል ኡሙሃኒ ትርዳው።»

ታረቀኝ የጣቢያው ኃላፊ ነው። የላስታ ሰው፣ ረጅም፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ከወገቡ የማይለይ። ኡሙሃኒ ደግሞ የቆቦ ልጅ ናት፤ ድሮ ከአፋር አገር አሞሌ ጨው በግመል ያስመጡ የነበሩት የሼህ እንድሪስ ልጅ፣ የጣቢያው ጤና ረዳት። ሁለቱ ዓመቱን ሙሉ ጎን ለጎን ሲሠሩ ከርመዋል፤ ተያይተው ግን አያውቁም። እንደዚያ ባለ ዘመን ማን ማንን ያያል? እሱ ለእሷ «እህል ገባ» የሚል ድምፅ ነበር፤ እሷም ለእሱ «መድኃኒት አለቀ» የሚል ድምፅ።

አሁን ከሰዓት በኋላ ላይ በአንዲት ጠረጴዛ ዙሪያ ፊት ለፊት መቀመጥ ግድ ሆነ። ተራ በተራ ሠራተኛውን ጠርተው «ምን ቢደረግልህ ደህና ትሆናለህ?» እያሉ ይጠይቃሉ። አንዱ ጫኝ «እንቅልፍ» አለ። ሌላው ከሳምንቱ አንድ ቀን ጎብዬ ሄዶ ልጆቹን ማየት ፈለገ። እትዬ ብዙነሽ ግን የጠየቁት ሌላ ነው።

«እኔስ ለቅሶ ነው የምፈልግ» አሉ። «ባሌን በጠዋት ቀብሬ ሰልፈኛ ስለሚጠብቀኝ ወደ በርሜሌ ተመለስኩ። ሰው አልተቀመጠልኝም፣ ንፍሮ አልተቀቀለልኝም። ዕንባዬ እዚህ ጋ ቆሟል።» ጉሮሯቸውን በእጃቸው ያዙ። «እኔ ብቻ አይደለሁም። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ሁለት ያላለቀሰለት ሬሳ አለው።»

ታረቀኝ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ተነሣና ወጣ። ኡሙሃኒ የወንድ ልጅ እፍረት መሰላት። ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር።

«ለቅሶ ብለን ብንጽፍ ያጸድቁታል?» አለችው።

«አይመስለኝም።»

«የባህል ፕሮግራም እንበለዋ። ለቅሶ ባህላችን አይደለም እንዴ?»

ቀና ብሎ አያት። መጀመሪያ ከንፈሩ፣ ቀጥሎም ዓይኑ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ፤ ዓይኖቻቸው ግን እንደተያያዙ ቀሩ። ኡሙሃኒ የዚህ ሰው ዓይን ቡናማ መሆኑን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱን ስታቀብለው «እንካ፣ አንተ ጻፈው» አለችው፤ አንተ ማለቷን የሰማችው ካለችው በኋላ ነው። እሱም ሰምቷል። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱ አጠረባት።

*

ፕሮግራሙ ቀስ እያለ መልክ ያዘ። ለያንዳንዱ ሠራተኛ ከሳምንቱ አንድ የዕረፍት ቀን፤ ለሁሉም የጤና ምርመራ፤ በጣም ለተጎዱት በየተራ የአንድ ወር ዕረፍት፤ በመጨረሻም ጣቢያው ተዘግቶ የሚውልበት «የባህል ቀን»። ወረቀቱ ሲያልቅ የሁለቱም ልብ አዘነ፤ ከእንግዲህ በዚያች ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጣቸው ምክንያት አልነበረምና። ታረቀኝ ምክንያት ፍለጋ አልዞረም። አንድ የከተማ ቄስና አንድ ሼህ ለምኖ ወደ ሼህ እንድሪስ ቤት ሽማግሌ ላከ።

ሼህ እንድሪስ ሽማግሌዎቹን በክብር ሰሙ፤ ግን የእሺታውን «ቁጭ በሉ» አላሏቸውም። ቆመው የመጡት ቆመው ተመለሱ። ማታ ልጃቸውን ጠሩ።

«ልጁ እንከን አይወጣለትም» አሏት። «ሃይማኖቱንም አላነሳሁ፤ የእናቴ ወንድሞች ክርስቲያን አይደሉም እንዴ? ወሎ ነን። ግን የመንግሥት ሰው ነው። የመንግሥት ሰው ዛሬ ቆቦ፣ ነገ ጎሬ ነው። ሂድ ሲሉት ይሄዳል፤ አንቺንም ይዞሽ ይሄዳል።»

«አባ...»

«ወንድምሽ ከማሉዲን ወታደር ሆኖ ሄደ፣ አልተመለሰም። ዘይኑዲንን አምና በገዛ እጄ አፈር አለበስኩት። ከሦስት አንዲት አንቺ ቀረሽኝ። መንገድ የሚያስወጣሽን ሰው እሺ በሉት አትበይኝ።»

አባቷ ተቆጥተው ቢሆን ትከራከር ነበር። የአባቷ ድምፅ ውስጥ ግን ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ። ለድካም ምን ይመለሳል?

በሦስተኛው ቀን ታረቀኝ ሠራተኛውን ሰብስቦ የዕረፍቱን ተራ በቃሉ ተናገረ። ድምፁ ያው የተለመደው ነበር።

«የአንድ ወር ዕረፍት፣ የመጀመሪያ ተራ፤ ኡሙሃኒ እንድሪስ። ደሴ አክስቷ ዘንድ ታርፋለች።»

ሰዉ አጨበጨበላት። እሷ ግን ጆሮዋ ጮኸ። አባቷ እምቢ ባሉ በሦስተኛው ቀን! ማንም ሳይጠይቃት፣ አንድ ቃል ሳያማክራት! ሊያያት እንኳ አልፈለገም ማለት ነው። ከዓይኑ አርቆ ሊጥላት፣ ያንንም «ዕረፍት» ብሎ ሊሰይመው። ስብሰባው ሲበተን ወደ እሷ መጣ።

«ኡሙሃኒ...»

«ምን ልታዘዝ፣ ጓድ ታረቀኝ?» አለችው። «እርስዎ ያሉት ይፈጸማል።»

ባለበት ቀረ። ዝናብ የመታው ሰው ይመስል ትከሻው ወረደ። እሷም ፊቷን አዙራ ሄደች፤ ከአፏ የወጣው አንቱታ ከእሱ ይልቅ እሷን አቆሰላት።

*

የምርመራው ሳምንት መጣ። ኡሙሃኒ በድንኳኗ ውስጥ ሠራተኛውን አንድ በአንድ መዘነች፣ የደም ግፊት ለካች፣ ደረት አዳመጠች። ሁሉም ከስቷል፤ ሁሉም «ምንም አልሆንኩም» ይላል። በመጨረሻው ቀን እትዬ ብዙነሽ ገብተው፣ ተመርምረው፣ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ።

«አለቃሽ አልመጣም አይደል?»

«ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።»

«ምን ‹ባቸው› ትይኛለሽ? እኔ ደንቆሮ ነኝ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «ስሚኝ ልጄ። ምሳውን የማቀርብለት እኔ ነኝ። ይታጠባል፣ ይቆርሳል፣ ወደ አፉ አያደርሰውም። ዞር ስል ለዘበኛው ያነሳለታል። ተኮራርፋችሁ ከሆነ ተኮራረፉ፤ ግን ይህን ሰው ሳትመዝኚ ይህን ድንኳን እንዳታፈርሺ።»

ኡሙሃኒ ዘበኛ ልካ አስጠራችው። መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ሙቀቱ የቆላ ሙቀት ነበር፤ እሱ ግን ኮቱን ለብሷል።

«ኮትዎን ያውልቁ። ሚዛኑ ላይ ይውጡ።»

ወጣ። መርፌው ቆመ። ኡሙሃኒ ሚዛኑ የተበላሸ መስሏት አስወርዳ ደግማ አወጣችው። መርፌው እዚያው ቆመ።

«ሸሚዝዎን ይክፈቱ።»

የጎድን አጥንቱ ተቆጥሮ ያልቃል። እንዲህ ያለ ደረት ዓመቱን ሙሉ አይታለች፤ ግን በሰልፉ በወዲያኛው በኩል ነበር። በወዲህኛው በኩል፣ ከእህሉ ጋር ቁልፍ ታጥቆ በቆመ ሰው ላይ ታያለች ብላ አላሰበችም። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አደረገች። ልቡ በሩጫ ነበር የሚመታ። ጣቷ ቆዳውን ሲነካው ይበልጥ ሮጠ፤ የእሷም አብሮት ሮጠ። ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቀለች።

«ምግብ ይበላሉ?»

«እበላለሁ።»

«ጓድ ታረቀኝ፣ እኔ ስንት የተራበ ሰው መዝኛለሁ። ይህ የተራበ ሰው ገላ ነው።»

ከውጭ ጭነት የሚያወርዱ ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

«አይወርድልኝም» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከየካቲት።» ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረና ተወው። «እናቴ ሞታለች። ላስታ፣ በረኀብ። መንገዱ በጦርነት ተዘግቶ ነበር፤ መሄድም መላክም አልቻልኩም። እኔ እዚህ መጋዘን ሙሉ እህል ይዤ...»

አልጨረሰውም። ኡሙሃኒ እንዳትነካው ስለፈራች እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች።

«ማን ነገረህ?»

«ከአገሬ ሰዎች ጋር የተሰደደች ሴት። እዚሁ ሰልፍ ላይ ነው ያገኘችኝ። እህል እየሰፈርኩላት፣ ‹አንተ የእመት እገሊት ልጅ አይደለህም?› ብላ ነገረችኝ። ሰፍሬ ጨረስኩላት። ከዚያ ቀጣዩን ጠራሁ።» ቀና ብሎ አያት። «ኡሙሃኒ፣ ቀጣዩን ጠራሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል ባፌ ሳስገባ እሷን ነው የማየው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«በእጅሽ ላይ በየቀኑ ሕፃን እየሞተብሽ፣ ያንቺን ሸክም በምን አፌ ልጨምር?»

ያጣመረቻቸው እጆች ተፈቱ። ዕንባዋ ከየት እንደመጣ አላወቀችም፤ ከዕንባው ጋር ለቀናት አምቃ የያዘችው ቁጣም አብሮ ወጣ።

«አንተ... አንተ ሞኝ ሰው! እኔ ደግሞ አባቴ እምቢ ሲሉህ ከፊትህ ልታርቀኝ ደሴ የወረወርከኝ መስሎኝ! ስረግምህ ነው የከረምኩት፣ ወላሂ!»

«ወረወርኩሽ?» ግራ ተጋባ። «እኔ?»

«ታዲያ ማን የመጀመሪያ አድርገኝ አለህ?»

«አይቼሽ ነዋ» አለ። «አንድ ቀን ሕፃን መዝነሽ ለእናቱ ሰጠሻት። እናቱ ይዛው ሄደች። አንቺ ግን ክንዶችሽን እንደዘረጋሽ ቀረሽ። ሰው አጠገብሽ ያልፋል፣ አንቺ ባዶ ክንድ ዘርግተሽ ቆመሻል። ስጠራሽ አልሰማሽኝም። ያን ቀን ለራሴ ማልኩ፤ በዚህ ጣቢያ ዕረፍት የሚባል ነገር ከመጣ መጀመሪያ ይቺ ልጅ ትተኛለች ብዬ። አባትሽ እሺ ቢሉም ባይሉም።»

ኡሙሃኒ ያንን ቀን አታስታውሰውም። ክንዶቿን ዝቅ ብላ አየቻቸው፤ የሌላ ሰው መሰሏት። ዓመቱን ሙሉ ማንም አላየኝም ብላ ነበር። ለካስ የሚያያት ነበር። ያለ ድምፅ፣ ያለ ጥያቄ፣ እህል እየሰፈረ የሚያያት።

የሸሚዙን ቁልፎች እሷ ቆለፈችለት። ሲወጣ ወደ ኋላ አላየም፤ ቢያይ ኖሮ እንደማይወጣ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

*

ማታ አባቷ ከሶላት ተነስተው መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ ያ እምቢ ያሉት ሰው እናቱ ሞታለች።»

«መቼ?»

«በየካቲት። ያገሩ መንገድ ተዘግቶ አልቀበራትም። ለሰውም አልተናገረም።»

«ለቅሶ ማን ደረሰው?»

«ማንም።»

የመቁጠሪያው ድምፅ ቆመ። ኡሙሃኒ ቀጥላ ልትለምናቸው አስባ ነበር፤ የአባቷን ፊት ስታይ ግን ተወችው። እሳቸውም የሚያስቡት ለቅሶ ያልተቀመጡለትን ከማሉዲንን መሆኑ ገብቷታል።

በጥቅምት መጨረሻ «የባህል ቀኑ» ደረሰ። መጋዘኑ ተዘጋ፤ ጥላው ሥር ምንጣፍና ሰሌን ተነጠፈ። ጓድ ሙሉጌታም ከደሴ መጣ፤ መዝሙር አልጠየቀም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ከጫኞቹ መሀል ተቀመጠ። ታረቀኝ ሽማግሌ የላካቸው ሼህ ዱአ አደረጉ፣ ቄሱም ጸለዩ። ከዚያ ማን ይጀምረው? አንድ ዓመት ሙሉ የታፈነ ለቅሶ በየት በኩል ይከፈታል?

እትዬ ብዙነሽ ተነሡ። መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ደረታቸውን መታ አድርገው፣ በቀስታ አወጡት፦

«በጠዋት ቀብሬህ ማታ ሥራ ገባሁ፤
ዕንባህን ይዤልህ ዛሬ ገና መጣሁ።»

ያን ጊዜ ለቅሶው ገነፈለ። ኩንታል ያነሱ የነበሩ ጎልማሶች ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው እንደ ልጅ አለቀሱ። አንዱ የእናቱን፣ አንዷ የእህቷን፣ አንዱ ደግሞ ስሙን ሳያውቅ የቀበረውን ሰው እያነሣ አለቀሰ። ኡሙሃኒም ከሴቶቹ መሀል ሆና ለዘይኑዲን አለቀሰችለት፤ በእጇ ላይ ለሞቱት ሕፃናትም።

ታረቀኝ ብቻ አልተቀመጠም። መጋዘኑ በር ላይ፣ ጥበቃ እንደያዘ ሰው፣ ቁልፉን ጨብጦ ቆሟል። ፊቱ ድንጋይ ነበር። ኡሙሃኒ በዕንባዋ ውስጥ አየችው። ሮጣ ሄዳ ከዚያ በር ላይ ልታላቅቀው ፈለገች፤ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በምን መብቷ? ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

በአውራ ጎዳናው በኩል ዱላቸውን የተደገፉ ሽማግሌ ከሰፈር ሰዎች ጋር ብቅ አሉ። አባቷ ነበሩ። ሰው ቦታ ሲለቅላቸው «አልቀመጥም» ብለው አለፉ። ቀጥ ብለው ወደ መጋዘኑ በር ሄዱ።

«ልጄ» አሉት፣ «ሐዘንተኛ አይቆምም። ና፣ ቁጭ በል።»

ታረቀኝ አያቸው። ሼህ እንድሪስ ክንዱን ይዘው አመጡትና ከጎናቸው አስቀመጡት።

«እናትህ ማን ይባሉ ነበር?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። ከየካቲት ወዲህ ስሟን የጠራበት ቀን አልነበረም፤ የጠየቀውም ሰው አልነበረም።

«አብሽር» አሉት ሽማግሌው። «ቀስ ብለህ።»

«ወሰንየለሽ» አለ።

ሼህ እንድሪስ ሁለት እጆቻቸውን ዘረጉ። ሰዉም ክርስቲያኑ እስላሙ አብሯቸው ዘረጋ።

«ያ ረቢ፣ ወሰንየለሽን እዘንላቸው። ልጃቸው የሰው ልጅ ሲመግብ ነበር እንጂ አልረሳቸውም። እሳቸው በተራቡበት ቀን እሱ የሰፈረውን እህል ለእሳቸው ቁጠርላቸው።»

«አሚን!» አለ ሕዝቡ።

ታረቀኝ ተሰበረ። ግንባሩን የሽማግሌው ጉልበት ላይ ጥሎ አለቀሰ፤ ድምፁን አንሥቶ የማያውቀው ሰው ድምፁ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ተሰማ። ሼህ እንድሪስ እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዕንባቸው በነጭ ጢማቸው ላይ ወረደ። ለማን እንደሚያለቅሱ ኡሙሃኒ ታውቃለች፤ ለእሱም፣ ለከማሉዲንም።

ለቅሶው ሲበርድ እትዬ ብዙነሽ ንፍሮ እያደሉ መጡ። ታረቀኝ ፊት ሲደርሱ ምንም ሳይሉ አንድ እፍኝ መዳፉ ላይ አደረጉለት። ታረቀኝ ንፍሮውን ለብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ አንድ ፍሬ አፉ ውስጥ ጨመረ። ኡሙሃኒ ከሴቶቹ መሀል ሆና ጉሮሮውን ታያለች። አኘከ። ዋጠ። ሁለተኛ ጨመረ። ዓይኑን ሲያነሣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቀጥታ እሷን አገኛት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

*

ወደ ቤት ሲመለሱ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። አባቷ ክንዷን ተደግፈው በዝግታ ይራመዳሉ።

«ዝውውር ቢመጣበትስ?» አሉ በድንገት።

ኡሙሃኒ አሰበች። ውሸት ማግኘት ቀላል ነበር።

«አላውቅም አባ። የመጣ ቀን አብረን እናያለን እንጂ፣ አይመጣም ብዬ አልዋሽዎትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥቂት ሄዱ።

«ሽማግሌዎቹ ደግመው ቢመጡ ‹ቁጭ በሉ› እላቸዋለሁ» አሉ። «ከዚያ በላይ ዛሬ አትጠይቂኝ። ደክሞኛል።»

ልቧ ዘለለ። ግን ለሳቅም ለለቅሶም የሚበቃ ጉልበት አልቀራትም። የአባቷን እጅ አጥብቃ ያዘች፣ ሁለቱም በማሽላው ዳር ቀስ እያሉ ሄዱ።

«ደሴስ ትሄጃለሽ?» አሏት በሩ ላይ ሲደርሱ።

«እሄዳለሁ አባ» አለች። «ልሂድና ልተኛ።»